የኤውሮፓ ምክር ቤት ምርጫ፤ ማን አሸነፈ?

(በሬዲዮ የተነገረ)



በ2016 ዓ.ም. በሰኔ ወር መጀመሪያ ገደማ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ በሻይ ሰዓት ብርቱ ክርክር ገጥመው አገኘኋቸው። አንደኛው የያዘው ጽሑፍ «ኤውሮፓ ወደ ቀኝ ዞረች» ይላል። ሁለተኛው የያዘው ደግሞ «መካከለኞቹ ጸንተው ቆሙ» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ያው ስለ አንድ ምርጫ ነው፤ ሁለቱም ቁጥር ይጠቅሳሉ፤ ቁጥራቸውም ሐሰት አልነበረበትም። «አንተ ዜና አንባቢ ነህና ፍረድ» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ግን አፍሬ ዝም አልሁ። ምክንያቱም ባለፈው ምሽት በማይክሮፎን ፊት ቀርቤ የአንዲቱን የፈረንሳይን ውጤት የመላው ኤውሮፓ ውጤት በሚያስመስል ቃል ያነበብሁት እኔው ራሴ ነበርሁ። የዛሬው ንግግሬ ያንን ዕዳ ለመክፈል ነው፤ ዘግይቶ መሆኑን አውቃለሁ።

በመጀመሪያ ምርጫው እንዴት ያለ ነገር እንደ ሆነ እንመልከት። የኤውሮፓ ኅብረት አባል የሆኑት 27 አገሮች በየአምስት ዓመቱ ለጋራ ምክር ቤታቸው እንደራሴዎችን ይመርጣሉ። ሕዝቡ በቀጥታ መምረጥ የጀመረው በ1971 ዓ.ም. ሲሆን ያን ጊዜ አገሮቹ 9፣ እንደራሴዎቹም 410 ነበሩ። በ2016ቱ ምርጫ ወንበሮቹ 720 ሆነዋል። ድምፅ የተሰጠው ከግንቦት 29 ቀን እስከ ሰኔ 2 ቀን ነው። ሆላንዶች እንደ ልማዳቸው ሐሙስ ጀመሩ፤ አየርላንድ ዓርብ ተከተለች፤ ማልታና ላትቪያ ቅዳሜ መረጡ፤ የሚበዙት አገሮች እሑድ ፈጸሙ። የቀደመው አገር ውጤት የኋለኛውን መራጭ ልብ እንዳያዘነብል፣ ኢጣልያ በርዋ ሰዓት ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ሣጥን እስክትዘጋ ድረስ የትም አገር ይፋዊ ውጤት አይነገርም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ልጥቀስ። አንድ ፖርቱጋላዊ ወደ ድምፅ መስጫው ሲገባ በወረቀቱ ላይ የሚያገኘው የአገሩን ፓርቲዎች ብቻ ነው። ለጀርመን ፓርቲ ልምረጥ ቢል አይችልም። ኤውሮፓን በመላ የሚያካትት አንድ የምርጫ ወረቀት የለም። ጋዜጦች «የኤውሮፓ ሕዝብ ፓርቲ»፣ «ሶሻሊስቶችና ዲሞክራቶች» እያሉ የሚጽፏቸው ታላላቅ ስሞች፣ እንደራሴዎቹ በየአገራቸው ከተመረጡ በኋላ በምክር ቤቱ ውስጥ እየተሰባሰቡ የሚያቋቁሟቸው ጓዶች ስም ናቸው። ስለዚህ ነገሩ አንድ ምርጫ ተብሎ ይጠራ እንጂ በአራት ቀን ውስጥ የተደረጉ 27 ምርጫዎች ናቸው፤ በየአገሩም መራጩ የቀጣው ወይም የሸለመው አብዛኛውን ጊዜ የገዛ መንግሥቱን ነው።

የድምፁም ክብደት ከአገር አገር ይለያያል። ጀርመን 96 እንደራሴ፣ ማልታ 6 እንደራሴ ትልካለች። በዚህ ስሌት አንድ የጀርመን እንደራሴ ከስምንት መቶ ሺሕ በላይ ሕዝብ ሲወክል፣ አንድ የማልታ እንደራሴ ከመቶ ሺሕ ያነሰ ሕዝብ ይወክላል። ይህ የሆነው ትንንሾቹ አገሮች በትልልቆቹ እንዳይዋጡ ተብሎ በስምምነት ነው። በአንዳንድ አገር ልጆች በ16 ዓመታቸው ይመርጣሉ፤ በሌላው እስከ 18 መጠበቅ አለባቸው። በቤልጂግ መምረጥ ግዴታ ስለ ሆነ ከመቶ 89 ያህሉ ሰው ድምፅ ሰጠ፤ በክሮኤሽያ ግን የመረጠው ከመቶ 21 ብቻ ነው። በጠቅላላው የመራጩ ቁጥር ከመቶ 51 ገደማ ሆኖ ተመዘገበ። ይህን አማካይ ቁጥር ይዞ «ኤውሮፓውያን ግማሽ በግማሽ መረጡ» የሚል ሰው፣ ቤልጂጉንም ክሮኤሹንም አላወቃቸውም።

አሁን ወደ አገሮቹ እንሂድ። ሁሉን ብዘረዝር ሰዓቱ አይበቃኝምና ውጤታቸው ብዙ ያነጋገረውን መርጫለሁ።

ከሁሉ በላይ ያስደነገጠችው ፈረንሳይ ናት። በወይዘሮ ማሪን ለ ፔን ወገን የሚመራው ብሔራዊ ስብስብ ከመቶ 31 ድምፅ አግኝቶ ከ81ዱ የፈረንሳይ ወንበሮች 30ውን ወሰደ። የፕሬዚዳንት ማክሮን ወገን ከመቶ 15 እንኳ ሳይሞላ 13 ወንበር ብቻ አገኘ፤ ሶሻሊስቶቹም ከኋላው ተጠግተው እነርሱም 13 ወንበር ያዙ። ፕሬዚዳንቱ በዚያችው እሑድ ማታ በቴሌቪዥን ቀርበው የፈረንሳይን ብሔራዊ ምክር ቤት መበተናቸውን አስታወቁ። ለኤውሮፓ ምክር ቤት የተሰጠ ድምፅ የፓሪስን ምክር ቤት አፈረሰ ማለት ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ በተጀመረው አዲስ ምርጫ የርሳቸው ወገን ከቀድሞው ብዙ ወንበር አጣ፤ ማንም ብቻውን የበላይነት ሳያገኝ ቀረ። ከዚያም በኋላ የተሾሙት ጠቅላይ ሚኒስትር ሚሼል ባርኒዬ ሦስት ወር ያህል ቆይተው በ2017 ዓ.ም. በኅዳር ወር በምክር ቤቱ ድምፅ ከሥልጣን ወረዱ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለውን ተረት በዚያ ሰሞን ስንት ጊዜ እንደ ሰማሁት አልቆጠርሁትም።

በጀርመን የክርስቲያን ዲሞክራቶቹ ኅብረት ከመቶ 30 አግኝቶ አንደኛ ወጣ። «አማራጭ ለጀርመን» የተባለው የቀኝ ፓርቲ ከመቶ 16 ገደማ አግኝቶ ሁለተኛ ሲሆን፣ በሥልጣን ላይ የነበሩት የመራሔ መንግሥት ሾልትስ ሶሻል ዲሞክራቶች ከመቶ 14 ገደማ ይዘው ሦስተኛ ሆኑ። በኢጣልያ ግን መንግሥትን የያዘው ወገን አልተቀጣም፤ የጠቅላይ ሚኒስትር ጆርጃ ሜሎኒ ፓርቲ፣ የኢጣልያ ወንድሞች፣ ከመቶ 29 ገደማ አግኝቶ 24 ወንበር ወሰደ። በስፔን የቀኝ መካከለኛው ሕዝባዊ ፓርቲ 22፣ ሶሻሊስቶቹ 20 ወንበር አገኙ። በፖላንድ የጠቅላይ ሚኒስትር ዶናልድ ቱስክ የዜጎች ጥምረት 21፣ ተቀናቃኙ ሕግና ፍትሕ 20 ሆኑ። አንድ ወንበር!

በሀንጋሪ የቪክቶር ኦርባን ፊዴስ ከመቶ 45 ያህል አግኝቶ አንደኛነቱን ጠበቀ፤ ነገር ግን ከጥቂት ወራት በፊት ብዙ ሰው ስሙን የማያውቀው የፔተር ማጃር ቲሳ ፓርቲ በአንድ ጊዜ ወደ ከመቶ 30 ደረሰ። በሆላንድ የግራና የአረንጓዴዎቹ ጥምር ዝርዝር 8 ወንበር አግኝቶ የኸርት ቪልደርስን ፓርቲ በሁለት ወንበር በለጠ። በቆጵሮስ ደግሞ ፊዲያስ ፓናዮቱ የተባለ፣ በዩቲዩብ ተንቀሳቃሽ ሥዕል በማሳየት የታወቀ ወጣት፣ ያለ አንዳች ፓርቲ ከመቶ 19 ድምፅ አግኝቶ ከስድስቱ ወንበሮች አንዱን ያዘ። ይህን ዜና ያነበብሁ ዕለት ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ነበር፤ በኋላ ሳስበው ግን ከአምስት ቆጵሮሳዊ መራጭ አንዱ የቆዩትን ፓርቲዎች ሁሉ ትቶ ወደርሱ መሄዱ የሚያስቅ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ከሁለቱ ባልደረቦቼ «ወደ ቀኝ ዞረች» የሚለው የፈረንሳይን፣ የጀርመንን፣ የኢጣልያን ቁጥር ይዞ ነው። «መካከለኞቹ ጸኑ» የሚለው ደግሞ የጓዶቹን ድምር ይዞ ነው። ድምሩ የሚከተለው ነው። በሐምሌ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ምክር ቤቱ በስትራስቡርግ ከተማ ሲከፈት የቀኝ መካከለኞቹ የኤውሮፓ ሕዝብ ፓርቲ 188 ሆነው አንደኛ ነበሩ። ሶሻሊስቶቹ 136 ሆኑ። ነጻ አሳቢዎቹ፣ ማክሮንም ያሉበት ጓድ፣ ከመቶ በላይ ከነበሩበት ወደ 77 ወረዱ። ከ70 በላይ የነበሩት አረንጓዴዎች 53 ቀሩ። የግራው ጓድ 46 ነው።

ከሕዝብ ፓርቲው በስተቀኝ ያሉት ግን ተስማምተው አንድ ቤት አልሠሩም። የለ ፔንና የኦርባን ሰዎች «አርበኞች ለኤውሮፓ» በሚለው ጓድ 84 ሆኑ። የሜሎኒና የፖላንዱ ሕግና ፍትሕ ሰዎች በወግ አጥባቂዎቹ ጓድ 78 ሆኑ። አማራጭ ለጀርመን፣ ከምርጫው ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ የለ ፔን ወገን ያለበት የቀድሞው ጓድ ስላባረረው፣ ከሌሎች ጋር 25 ሆኖ ሦስተኛ ጓድ አቋቋመ። ሦስቱን ደምሩ፤ 187 ይሆናል። ከአንደኛው ጓድ የሚያንሰው በአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ነገር ግን በሦስት ስለ ተከፈለ በሰንጠረዡ ላይ እንደ አንድ ትልቅ ኀይል አይታይም።

አሁን እርሳስና ወረቀት ያላችሁ አብራችሁኝ አስሉ። ከ720 ወንበር የሚያሸንፈው 361 ነው። የሕዝብ ፓርቲው፣ ሶሻሊስቶቹና ነጻ አሳቢዎቹ ሲደመሩ 401 ይሆናሉ፤ የመካከለኞቹ ብልጫ ይህ ነው። ይኸው የሕዝብ ፓርቲ ፊቱን ወደ ቀኝ አዙሮ ከሦስቱ ጓዶች ጋር ሲደመር ደግሞ 375 ይሆናል። በአንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ሁለት ብልጫ አለ ማለት ነው፤ 188ቱ ሰዎች በሁለቱም ውስጥ ይገኛሉ። ባልደረቦቼ ሁለቱም እውነት ይዘው የተጣሉበት ምክንያት ይኸው ነበር። ቀኝ ወይስ መካከል የሚለው ጥያቄ በምርጫው ዕለት አልተወሰነም፤ ለሕዝብ ፓርቲው ተላልፎ በየጉዳዩ እንዲወሰን ተተወ።

ቁጥር ደግሞ ሊያታልል እንደሚችል አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። ሐምሌ 11 ቀን ወይዘሮ ኡርዙላ ፎን ዴር ላየን ለሁለተኛ ጊዜ የኤውሮፓ ኮሚሲዮን ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ ያገኙት ድምፅ ልክ 401 ነበር። የሦስቱ ጓዶች ድምርም 401 ነው። ያየ ሰው ሁሉ «አንድም ሰው ሳይጎድል ደገፏቸው» ይላል። ዳሩ ግን ድምፁ በምስጢር የተሰጠ ነው፤ አረንጓዴዎቹም እንደሚደግፏቸው አስቀድመው በይፋ ተናግረው ነበር። ስለዚህ ከሦስቱ ጓዶች ውስጥ የከዱ ብዙዎች ነበሩ፤ ጉድለቱን የሞሉት ከውጭ የመጡ ናቸው። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሰዎቹ ሌሎች ናቸው።

ይህ ሁሉ ለአዲስ አበባ የመሥሪያ ቤት ሰው ምን ያደርግለታል የሚል አንባቢ ይኖራል። ቡና ያደርግለታል።

የቀድሞው ምክር ቤት በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. የደን ጥበቃ ሕግ አጽድቆ ነበር። በሕጉ መሠረት ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ወዲህ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና፣ ካካዎ፣ እንጨትና ሌላም ምርት በኅብረቱ አገሮች ገበያ አይሸጥም፤ ቡናው ከየትኛው ማሳ እንደ ተለቀመም የማሳው ቦታ በኬንትሮስና በኬክሮስ ቁጥር ተመዝግቦ መቅረብ አለበት። ከ4 ሄክታር ላነሰ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃዋል። የእኛ ገበሬ ማሳ በአብዛኛው ከዚህ በታች ነው፤ ታዲያ አንድ ኮንቴነር ቡና ከስንት መቶ ጓሮ ተለቅሞ እንደሚሞላ፣ ያም ሁሉ ጓሮ አንድ በአንድ ነጥብ ሊወጣለት እንደሚገባ፣ በጅማ ወይም በሲዳማ የሠራችሁ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ጀርመን ከቡናችን ዋና ገዢዎች አንዷ ናት፤ በስትራስቡርግ የሚሰጥ ድምፅ እስከዚያ ጓሮ ድረስ ይደርሳል።

ሕጉ ሥራ የሚጀምረው ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። አዲሱ ምክር ቤት ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን ሲመለከት፣ በአንድ ዓመት ይራዘም የሚለው አሳብ ቀረበ። የሕዝብ ፓርቲውም በዚህ ላይ «አደጋ የሌለባቸው አገሮች» የሚባል አዲስ ክፍል እንዲጨመር ጠየቀ፤ በዚህ ክፍል የሚገቡት አገሮች ከሚበዛው ግዴታ ነጻ ይሆኑ ነበር። ሶሻሊስቶቹና አረንጓዴዎቹ ተቃወሙ፤ በስተቀኝ ያሉት ጓዶች ደገፉ። ማሻሻያው አለፈ። ጠቅላላው ረቂቅም በ371 ድምፅ ጸደቀ። ሁለተኛው ብልጫ፣ በሰኔ ወር በሰንጠረዡ ውስጥ ተደብቆ የነበረው፣ በዚያን ቀን ከወረቀት ወጥቶ ሥራ ሠራ።

የአባል አገሮቹ መንግሥታት ግን አዲሱን ክፍል አልተቀበሉትም። በድርድር ከተሰረዘ በኋላ ታኅሣሥ 8 ቀን ምክር ቤቱ ማራዘሙን ብቻ በ546 ድምፅ አጸደቀ፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱም ብልጫዎች በአንድ ላይ መረጡ ማለት ነው። ሕጉ ወደ ታኅሣሥ 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ተላለፈ። ያም ቀን ሊደርስ ሲል በታኅሣሥ ወር 2018 ዓ.ም. እንደገና ድምፅ ተሰጠበትና ለትልልቆቹ ነጋዴዎች ወደ ታኅሣሥ 21 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ ለትንንሾቹ ደግሞ ወደ ሰኔ ወር 2019 ዓ.ም. ተገፋ።

ለባልደረቦቼም ይህንኑ በጽሑፍ ሰጠኋቸው። አንደኛው አንብቦ ሲጨርስ የጠየቀኝ ስለ ቀኝም ስለ መካከልም አልነበረም፤ አባቱ ከጅማ ወጣ ብሎ ያላቸው የቡና መሬት ነጥቡ ወጥቶለት እንደ ሆነ የት ሄዶ እንደሚጠይቅ ነው።