ሚሊ ሰከንዱ የልጁ ነው ወይስ የማሽኑ?

(በደብረ ማርቆስ በምሩቃን መገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሙያዎ አንድ ነገር ያካፍሉን» ሲሉኝ ስለ ጭንቀት ወይም ስለ ልጅ አስተዳደግ እንደምናገር የጠበቃችሁ አትጠፉም። የሳይኮሎጂ ሰው ሲባል የሚጠበቀው ያ ነው። እኔ ግን ዛሬ የማወራው ስለ ኪቦርድና ስለ ስክሪን ነው። ታገሡኝ፤ ጉዳዩ እዚሁ ዙሪያችን ያሉ ልጆችን ስም የሚመለከት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አእምሮ ሲሠራ በዓይን ስለማይታይ በሙከራ ሥነ ልቦና ብዙ ጊዜ የምንለካው ጊዜን ነው። ስክሪኑ ላይ ምልክት ብቅ ይላል፣ ተሳታፊው እንዳየ ቁልፍ ይጫናል። በመካከሉ ያለፈው የምላሽ ጊዜ ይባላል። ጤነኛ ወጣት ብርሃን አይቶ ለመጫን 250 ሚሊ ሰከንድ ገደማ፣ ማለትም ሩብ ሰከንድ ይፈጅበታል። ጥናቶቻችን የሚያሳድዱት ልዩነት ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ነው፤ 20፣ 30፣ 50 ሚሊ ሰከንድ። ዓይን ተርገብግቦ እስኪከፈት እንኳ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ያልፋል።

ሥራው የተጀመረው ኮምፒውተር ሳይታሰብ ነው። ሆላንዳዊው ዶንደርስ በ1868 እ.ኤ.አ. የቀላሉን ሥራ ጊዜ ከከባዱ ሥራ ጊዜ ላይ እየቀነሰ የማሰብን ፍጥነት ለማስላት ሞከረ። ቩንት በ1879 በላይፕዚግ ላብራቶሪውን ሲከፍት ደግሞ የሰከንድን አንድ ሺኛ የሚያነብ የሂፕ ክሮኖስኮፕ የሚባል ሰዓት ይሠራበት ነበር። እኔን የሚገርመኝ ሰዓቱ አይደለም። ሰዎቹ ሰዓቱን አያምኑትም ነበር! ለመውደቅ የሚፈጅበት ጊዜ አስቀድሞ የታወቀ መዶሻ ነበራቸው፤ እሱን እየጣሉ ክሮኖስኮፑ ትክክል ማንበቡን ይፈትሹ ነበር። ኮምፒውተር ሲመጣ መዶሻው ተረሳ። ስክሪኑ «347.218» ብሎ ከጻፈ፣ ከነጥቡ ወዲያ ያሉት ሦስት አኃዞች እውነት ይመስሉናል።

እስቲ ማሽኑን እንፈታታው። የተለመደ ስክሪን ምስሉን በሰከንድ 60 ጊዜ ያድሳል፤ ከአንዱ እድሳት እስከ ቀጣዩ 16.7 ሚሊ ሰከንድ አለ። ፕሮግራሙ «አሁን አሳይ» ቢለውም አንዱ እድሳት ካመለጠው ቀጣዩን ይጠብቃል፤ መናኸሪያ ውስጥ አውቶብስ እንዳመለጠው መንገደኛ ማለት ነው። ፕሮጀክተር ወይም ቴሌቪዥን ከሆነ ደግሞ ምስሉን ሳያሳምር አይለቅም፤ በዚህ ብቻ 30 ወይም 50 ሚሊ ሰከንድ ሊጨምር ይችላል። ኪቦርዱስ? ተራ የዩኤስቢ ኪቦርድን ኮምፒውተሩ «የተጫነ ነገር አለ?» እያለ የሚጠይቀው በየ8 ሚሊ ሰከንዱ ነው። ኪቦርዱም ቁልፉ በእርግጥ መጫኑን እስኪያረጋግጥ ትንሽ ይቆያል። የንክኪ ስክሪን ብዙውን ጊዜ ከዚህም ይብሳል። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪ እየሠራ ኃይል ለመቆጠብ ራሱን ያዘገያል፤ መብራት መሄድን ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ታዲያ ሁሉም ልፋት ከንቱ ነው? አይደለም። የአንድ ሰው ምላሽ ራሱ ከሙከራ ወደ ሙከራ ይዋዥቃል፤ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 50 ሚሊ ሰከንድ ነው እንበል። ማሽኑ በዘፈቀደ የ5 ሚሊ ሰከንድ መዋዠቅ ቢጨምርበት ውጤቱ 55 አይሆንም፤ የሚደመሩት ካሬዎቻቸው ናቸው። 2500 ሲደመር 25፣ ሥሩ ሲወጣ 50.25 ይመጣል። ጉዳቱ ሩብ ሚሊ ሰከንድ ነው፤ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሁልጊዜ እኩል የሚዘገይ ማሽንም ቢሆን፣ ያው ልጅ በዚያው ማሽን ሁለት ዓይነት ሥራ ሠርቶ ስናወዳድረው መዘግየቱ በመቀነስ ይጠፋል። ስለዚህ «ውድ መሣሪያ ከሌለን አንሠራም» የሚለውን ሰበብ አልቀበልም።

አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። አንድ ተመራማሪ የከተማውን ልጅ እዚሁ ላብራቶሪ ውስጥ በዴስክቶፕ ፈተነ እንበል። የስናንን ወይም የማቻክልን ልጅ ደግሞ እዚያው ቀበሌው ድረስ በተወሰደ አሮጌ ላፕቶፕ ፈተነ። ላፕቶፑ ከዴስክቶፑ 40 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል። በሠንጠረዡ ላይ ምን ይወጣል? የገጠሩ ልጅ በ40 ሚሊ ሰከንድ «ቀርፋፋ» ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ምክንያት ይፈለግለታል፤ ምግቡ ነው፣ ትምህርት ቤቱ ነው፣ የጮቄ ብርድ ነው። የተሳታፊውን ቁጥር ከ40 ወደ 400 ብናሳድገው ስህተቱ አይጠፋም፤ እንዲያውም ፒ ቫልዩው እያነሰ ይሄድና የተሳሳተው መደምደሚያ ይበልጥ የተረጋገጠ ይመስላል። ስታትስቲክስ ይህን አያድንም። ላፕቶፑ የዘገየባትን ሰበብ ተሸክማ የምትቀረው ከብት ስትጠብቅ ውላ ለፈተና የተቀመጠችው ልጅ ናት።

እንዲህ ያለው መለኪያ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማራን ጨምሮ በአምስት ክልሎችና ከተሞች፣ በ20 ቦታዎች 3,000 ያህል ኢትዮጵያውያን ልጆችን ሲከታተል ቆይቷል። በ2013ቱ ዙር ሬሰር የተባሉ ጨዋታ መሰል ፈተናዎች በንክኪ ስክሪን ቀርበው ነበር። በአንደኛው ልጁ አንድ ዓይነት ምልክት ሲያይ በዚያው በኩል፣ ሌላ ዓይነት ሲያይ በተቃራኒው በኩል ይነካል። አዘጋጁ ብልህ ነው፤ ሁለቱ ዓይነት ሙከራዎች በአንድ መሣሪያ ስለሚሠሩ ልጁን ከራሱ ጋር ማወዳደር ይቻላል። የዚህ ዓይነቱ መረጃ የሴፍቲኔት ፕሮግራም በልጆች የማሰብ ክህሎት ላይ ያሳደረውን ለመመርመር አገልግሏል። የሚሊ ሰከንድ ጉዳይ እንግዲህ እስከ እህልና ገንዘብ ድጋፍ ድረስ ይዘልቃል።

በአማርኛ ንባብ ላይ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልጨምር። ቃሉ ስክሪን ላይ ሲወጣ ልጁ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ማይክራፎኑ ድምፅ ሲሰማ ሰዓቱን ያቆማል። ችግሩ ማይክራፎኑ ሁሉንም ፊደል እኩል አይሰማም። «ጠላ» ሲባል «ጠ» ፈንድታ ትወጣለችና ወዲያው ይይዛታል። «ሰላም» ሲባል ግን የ«ሰ» ፉጨት ደካማ ስለሆነች አናባቢው እስኪመጣ ሊያልፋት ይችላል። እንግዲህ በ«ሰ» እና በ«ፈ» የሚጀምሩ ቃላት «ለማንበብ ከባድ» ተብለው ሊመደቡ ነው! መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ድምፁን ሙሉውን ቅዱና መነሻውን በኋላ በሞገዱ ላይ እያያችሁ ምልክት አድርጉ። ያሰለቻል፤ ግን ይሠራል።

በነገራችን ላይ፣ መረጃ ሰብሳቢው በማስታወሻው «3 ሰዓት» ብሎ ሲጽፍ ኮምፒውተሩ 9 ብሎ ይመዘግባል፤ ቀኑም በሁለት አቆጣጠር ይሆናል። በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት፤ ሁለት መዝገብ የማመሳከር ጣጣ ይቀርላችኋል።

ሶፍትዌሩ አያሳስባችሁ። ሳይኮፓይና ኦፕንሰሳሚ በነፃ ይገኛሉ፤ በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣ ሰፊ ንጽጽር ሳይኮፓይ በላብራቶሪ ኮምፒውተር ላይ በክፍያ ከሚሸጡት ጋር የሚስተካከል ሆኖ ተገኝቷል። በኢንተርኔት የሚሠራ ሙከራ ግን እንደ ብራውዘሩና እንደ ኮምፒውተሩ ስለሚለያይ ጥንቃቄ ይሻል።

የጎደለን መዶሻው ነው፤ እሱም ኪሳችሁ ውስጥ አለ። ብዙ ስልኮች በሰከንድ 240 ፍሬም ይቀርጻሉ፤ አንዱ ፍሬም 4 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። ቁልፍ ሲጫኑ ስክሪኑን ከጥቁር ወደ ነጭ የሚቀይር የአምስት መስመር ፕሮግራም ጻፉ። ጣትንና ስክሪንን በአንድ ላይ ቅረጹ፤ ጣቱ ቁልፉን ከተጫነበት ስክሪኑ እስኪነጣ ያሉትን ፍሬሞች ቁጠሩ። ሃያ ጊዜ ደጋግሙ፣ አማካዩንና መዋዠቁን ጻፉ። ይኸው የማሽናችሁ መዘግየት። የኤሌክትሪካልና የፊዚክስ ምሩቃን በጥቂት ብር የብርሃን ዳሳሽ ሠርታችሁ ከዚህ የተሻለ ልታደርጉልን ትችላላችሁ፤ እባካችሁ አድርጉት።

ለመምህራን ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው። በምላሽ ጊዜ ላይ የሚሠራ ማንኛውም የመመረቂያ ጽሑፍ የማሽኑን ዓይነት፣ የስክሪኑን እድሳትና በዚህ መንገድ የተለካውን መዘግየት በአንድ አንቀጽ ይግለጽ። ሁለት ቡድን የሚያወዳድር ከሆነ ማሽኖቹ በሁለቱም ቡድን መካከል እየተቀያየሩ ይሥሩ፤ አንዱ ለከተማ፣ ሌላው ለገጠር ብቻ አይሁን።

ከምሳ በኋላ አንድ ዴስክቶፕና ሁለት ላፕቶፕ አዘጋጅተን እንጠብቃችኋለን። ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ።