በእግዚአብሔር መታመንና መልካም ማድረግ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ከዳዊት መዝሙራት መካከል በግዕዙ 36ኛ፥ በዕብራይስጡ 37ኛ ሆኖ የተቈጠረውን መዝሙር ዛሬ ልንመለከት እንወዳለን። ይህ መዝሙር በዕብራይስጡ የተደረሰው በፊደል ተራ ነው፤ የየክፍሉ መነሻ ከአሌፍ እስከ ታው በየተራው ይከተላል። እንዲህ ያለው አደራረስ ለቃል ጥናት ይመቻል። ፊደል ቈጥረን ዳዊት ለደገምን ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም።

መዝሙረኛው ገና በመነሻው በክፉዎች መሳካት የሚቃጠለውን ሰው ያስታግሠዋል፤ ክፉዎች እንደ ሣር ፈጥነው እንደሚጠወልጉም ያሳስበዋል። በሦስተኛው ቍጥር ግን ሁለት ነገሮችን በአንድ ትእዛዝ ያጣምራል፤ እነርሱም በእግዚአብሔር መታመንና መልካም ማድረግ ናቸው። አንዱን ከሌላው ልንለየው አይገባንም። መልካም ሥራ የሌለበት መታመን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው፤ መታመን የሌለበት መልካም ሥራም ምስጋና በጐደለ፥ ፍሬም በዘገየ ጊዜ ይሰለቻል። በዚያው ቍጥር «ኤሙና» የሚል የዕብራይስጥ ቃል ይገኛል፤ እኛ አመነ፥ አማን፥ እምነት ከምንልበት ሥር የወጣ ሲሆን ጽናትንና ቃልን አለማጠፍን ያመለክታል። እንግዲህ በእግዚአብሔር የሚታመን ሰው፥ ሌላው ሰው የሚታመንበትም ሊሆን ይገባዋል።

ይህን ትእዛዝ በሥራ የፈጸሙ አባት በአገራችን አሉ። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሐይቅ፥ በውሃው ዳር የእስጢፋኖስ ገዳም አለ። በደብረ ዳሞ በአባ ዮሐኒ እጅ የመነኰሱት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ1240 ዓ.ም. አካባቢ ወደዚህ ስፍራ መጥተው ጸሎትንና ማስተማርን አንድ አድርገው ያዙ። ከደቀ መዛሙርታቸው መካከል በኋላ ደብረ ሊባኖስን የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖትና በጣና የዳጋ እስጢፋኖስን ያቀኑት አባ ኂሩተ አምላክ ይገኛሉ። በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌልም እስከ ዘመናችን ደርሷል። ዘሩን በሐይቅ ዘሩ፤ መከሩ ግን በሸዋና በጣና፥ ከእርሳቸውም በኋላ ተሰበሰበ። ፍሬውን ለእግዚአብሔር ትቶ ሥራውን አለመተው፥ መታመን ማለት ይህ ነው።

ነገር ግን በዚሁ መዝሙር ውስጥ ለወሎ ሰው የሚከብድ ቃል አለ። መዝሙረኛው ከወጣትነቱ እስከ ሽምግልናው ድረስ ጻድቅ ሲጣል፥ ልጆቹም እህል ሲለምኑ እንዳላየ ይመሰክራል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ከደሴ ወደ ሰሜን በሚሄደው መንገድ ዳር የተሰበሰቡትን ረኃብተኞች ያየ ሰው፥ የ1977 ዓ.ም.ንም መከራ ያሳለፈ፥ ይህን ሲሰማ ምን ይበል? ከተራቡት መካከል የሚጾሙ፥ የሚጸልዩ፥ ለእንግዳ ደጃቸውን የሚከፍቱ አልነበሩምን? በእርግጥ ነበሩ። በኃጢአታቸው ተቀጡ የሚል ቢኖር፥ ጌታችን በሰሊሆም ግንብ ተጭኗቸው ስለ ሞቱት ሰዎች የተናገረውን ያስታውስ፤ ከሌሎች ይልቅ በደለኞች ናቸው ማለትን ከልክሏልና።

እኛ ግን መዝሙሩን በዚያ ቍጥር ላይ አናቋርጠው። የሚከተለው ቍጥር ጻድቁ ዘወትር እንደሚራራና እንደሚያበድር ይናገራል። የጻድቁ ልጅ የማይለምነው ሌላው ጻድቅ ሳይለመን ስለሚሰጠው ነው። እግዚአብሔር ለተራበው የሚልከው እንጀራ አብዛኛውን ጊዜ በሰው እጅ ያልፋል። ያ እጅ በታጠፈ ጊዜ የተራበው ይጣላል፤ የጣለው ግን እግዚአብሔር አይደለም። በ1965 ዓ.ም. ረኃቡ ተሸሽጎ ሳለ፥ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ወርደው ያዩትን በፎቶግራፍ ለሕዝብ አሳዩ። የተሸሸገውን መከራ መግለጥም ከመልካም ሥራ የሚቈጠር ነው።

የሐይቅ ገዳም የተሰየመበትን ቅዱስ እስጢፋኖስንም እናስብ። ሐዋርያት ለመበለቶች የዕለት ምግብ የሚያድሉ ሰባት ሰዎች ባስመረጡ ጊዜ፥ እምነት የሞላበት ተብሎ የተመሰከረለት እርሱ ነበረ። እምነቱ ከማዕድ አገልግሎት አላራቀውም፤ ወደዚያው መራው እንጂ።

ይህ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በአምባሰል ተራራ ሥር የበልግ ዝናብ የቀረ እንደ ሆነ፥ ገበሬው ለዘር ያኖረውን እህል ከጎታው አውጥቶ ለልጆቹ ያበላል። ክረምቱ ሲገባ ዝናቡ አለ፤ ዘር ግን የለም። በዚያን ጊዜ ጥቂት ቁና ዘር ወለድ ሳይቈጥር የሚያበድር ጎረቤት፥ በሬ ለሌለው በወንፈል የሚያርስ ወንድም፥ መዝሙሩን በሥራ ደገመው። አበዳሪውም የሚቀጥለውን ዝናብ አላየም፤ በእግዚአብሔር ታምኖ ሰጠ እንጂ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ከሰሜን ወሎ በጦርነት የተፈናቀሉት ወደ ደሴ በመጡ ጊዜ፥ ቤታቸውን ከፍተው የተቀበሏቸውም እንዲሁ ናቸው። በወሎ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ መንደር ይኖራሉና፥ መልካም አድራጊው የተራበውን ሃይማኖትህ ምንድር ነው ብሎ አይጠይቅ።

ስለዚህ፥ የተወደዳችሁ ምእመናን፥ ዳዊታችንን ደግመን በተነሣን ጊዜ ሁሉ ዛሬ በደጃችን ማን እንዳለ እንመልከት። ያልተከፈለ ብድር ካለብን እንክፈል፤ ያኖርነው ካለ እናካፍል፤ የምንሰጠው ባይኖረን ለተበደለው እንመስክር። የቀረውን ለእግዚአብሔር እንተው፤ እርሱ የታመኑበትን አያሳፍርምና።

የቅዱስ እስጢፋኖስና የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።