የሠራተኛው ደኅንነት የዩኒየናችን ሀብት ነው

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በደሴ ከተማ ሆጤ ለአባላት፣ ለሠራተኞችና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)








ከጠዋት ጀምሮ ስለ ግብዓት አቅርቦት፣ ስለ እህል ግብይትና ስለ ትርፍ ክፍፍል የቀረበውን ሪፖርት በጥሞና ተከታትለናል። በሪፖርቱ ውስጥ የኩንታሉ ቁጥር አለ፤ የብሩም መጠን አለ። ኩንታሉን የተሸከመው፣ የመዘነው፣ የመዘገበውና ሌሊት የጠበቀው ሰው ግን “ደመወዝና ልዩ ልዩ ወጪ” በሚለው ረድፍ ውስጥ ብቻ ይገኛል። የእኔ ንግግር ስለዚህ ሰው ነው። ላስጨብጥ የምፈልገውም አንድ ነገር ሲሆን፣ እርሱም ለሠራተኛው ጤናና ለሥራ ቦታው ምቹነት የምናወጣው ገንዘብ ከአባሉ ትርፍ ላይ የሚቀነስ ሳይሆን የአባሉን ንብረት ከብክነት የሚያድን መሆኑ ነው።

ደቦ የሚጠራ ገበሬ ያውቀዋል

ይህ ሐሳብ ለገበሬ አዲስ አይደለም። በወሎ ምድር ደቦ የሚጠራ ሰው አስቀድሞ ምን እንደሚያዘጋጅ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጠላ ለሚጠጣው ጠላ፣ ለማይጠጣው ቀሪቦ ይዘጋጃል፤ እንጀራው ይጋገራል፤ ቡናው ይፈላል። የደቦው ባለቤት ይህን ሁሉ የሚያደርገው ደግ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የተራበ አጫጅ ነዶውን እንደሚያንጠባጥብ፣ ቅር ያለው ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ሲጠራ እንደማይመጣ ስለሚያውቅ ነው። ጫንቃው የቆሰለ በሬም ቁስሉ ሳይደርቅ ቀንበር አይጫንበትም።

እንግዲህ በማሳችን ላይ ይህን ያህል ጥንቃቄ የምናደርግ ሰዎች፣ የጋራ ንብረታችን በሆነው መጋዘን ውስጥ ለምን እንዘነጋዋለን? ምናልባት በማሳው ላይ ኪሳራው ወዲያው በዓይን ስለሚታይ፣ በመጋዘን ውስጥ ግን ዘግይቶ በቆጠራ ጊዜ ስለሚመጣ ይሆናል።

የአንድ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ታሪክ

ከዓመታት በፊት የማውቀውን አንድ ጉዳይ ላንሳ። በማዳበሪያ ሥርጭት ወቅት አንድ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ከንጋት እስከ ምሽት፣ እሑድንም ጨምሮ፣ ለሳምንታት ያለ ተተኪ ሠራ። ገበሬው ዝናብ ሳያመልጠኝ ብሎ ይጣደፋል፤ መኪናው ይጠብቃል፤ ስልኩ ይጮኻል። በመጨረሻ ቆጠራ ሲደረግ ጉድለት ተገኘ፤ “ሌባ ነው” ተባለ። ሞዴል 22 አንድ በአንድ ከስቶክ ካርዱ ጋር ሲመሳከር ግን ማዳበሪያው በትክክል ወጥቶ፣ የአንዱ ማኅበር በሌላው ስም ተመዝግቦ ተገኘ። ሰውየው ነፃ ወጣ። ይሁን እንጂ ሥራውን ለቆ ሄዶ ነበር፤ አዲሱ ሠራተኛም ሥራውን እስኪለምድ አንድ ሙሉ የሥርጭት ወቅት አለፈ።

ክቡራንና ክቡራት፣ በዚህ ጉዳይ የተጎዳው ሠራተኛው ብቻ ነው? ለኦዲት የባከነው ጊዜ፣ የተጓተተው ሥርጭት፣ በአባላት መካከል የገባው ጥርጣሬ ሁሉ የማኅበሩ ኪሳራ ነው። አንድ ተተኪ ሠራተኛና በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ ነበር።

የአገራችን ልምድ ምን ያሳያል?

ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ከ1970ዎቹ ጀምሮ የነበረውን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ቀጥሎም በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የኢንዱስትሪ ፓርክ ያውቃል። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን እንዲህ ወዳሉ የሥራ ቦታዎች ልከናል። በአገራችን ፋብሪካዎች በተደጋጋሚ ከሚነሱ ችግሮች አንዱ የሠራተኛ ፍልሰት ነው። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች በኢትዮጵያ በ5 ድርጅቶች ያካሄዱትንና እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙትን ጥናት ብንመለከት፣ በፋብሪካ ሥራ ከጀመሩት ውስጥ ከ3ቱ 1 ያህሉ በመጀመሪያው ወር፣ ከ4ቱ ደግሞ 3ቱ ያህል ዓመት ሳይሞላቸው ሥራውን ለቀዋል። በጤናቸውም ላይ ጉዳት ታይቷል። ድርጅቱ አሠልጥኖ አሠልጥኖ እጁ ላይ የሚቀረው ጥቂት ሰው ነው ማለት ነው።

በሌላ በኩል በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ያለፉበትን መከራ አንዘነጋውም። መሥሪያ ቤቶችና ፋብሪካዎች ተዘርፈዋል፤ ብዙ ሰው ተፈናቅሎ ተመልሷል። ከዚያ በኋላ ሥራ የጀመረው በባዶ ክፍል ውስጥ ተሰባስቦ ወረቀት የለቀመ፣ የተበተነውን መዝገብ የሰበሰበ ሠራተኛ ነው። ቤቱ የተዘረፈ፣ ዘመዱን ያጣ ሰው ሥራ ላይ ሲፈዝ “ሰነፈ” ከማለት በፊት ጠጋ ብሎ መጠየቅ የኃላፊ ግዴታ መሆኑን ያ ዘመን አስተምሮናል።

ትኩረት የሚሹ የሥራ ቦታዎቻችን

አንደኛው ሸክም ነው። የእህሉ ጆንያ 100 ኪሎ ነው፤ በአንድ ሰው ትከሻ ይወጣል፣ ይወርዳል። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ አንድ ጎልማሳ ወንድ በእጁ እንዲያነሣና እንዲሸከም የሚመከረው ከፍተኛ ክብደት 55 ኪሎ ነው። የማዳበሪያው ከረጢት 50 ኪሎ በመሆኑ ከዚህ በታች ሲሆን፣ የእህሉ ጆንያ ግን ወደ እጥፍ ይጠጋል። ጫኝና አውራጅ ወጣቶች የሚከፈላቸው በኩንታል ስለሆነ ይጣደፋሉ፤ ሲጣደፉ ወገባቸው ይጎዳል፣ ጆንያው ይቀደዳል፣ እህሉ ይፈስሳል። እነርሱ የራሳቸው ማኅበር አላቸው፣ የእኛ ሠራተኞች አይደሉም ሊባል ይችላል፤ ነገር ግን መጋዘኑ የእኛ ነው፤ የፈሰሰውም እህል የእኛ ነው። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ይባል የለ? በ50 ኪሎ መቋጠርና የእጅ ጋሪ መግዛት ከአቅማችን በላይ አይደለም።

ሁለተኛው የነቀዝ መድኃኒት ነው። ፎስቶክሲን እየተባለ የሚጠራው እንክብል እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ነቀዙን የሚገድለው ጋዝ ሰውንም ይገድላል። ስለሆነም ያልሠለጠነ ሰው እንዲነካው ማድረግ፣ መድኃኒት የገባበት መጋዘን በቂ ጊዜ ተከፍቶ ሳይናፈስ ሰው ማስገባት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብርድ ነው ብሎ ጥበቃውን እዚያው መጋዘን ውስጥ ማስተኛት ፈጽሞ የተከለከለ መሆን አለበት። ለጥበቃው የተለየች ትንሽ ቤት መሥራት ከአንድ ሰው ሕይወት አይበልጥም።

ሦስተኛው ሙቀትና አቧራ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ በክረምት ጣት ያደነዝዛል፤ ኮምቦልቻ ግን ዝቅ ያለች በመሆኗ ከሰዓት በኋላ የቆርቆሮ መጋዘን እንደ ምድጃ ይሆናል። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት እንደተገለጸው ሙቀቱ ከ33 እስከ 34 ዲግሪ ሲደርስ መካከለኛ ክብደት ያለው ሥራ የሚሠራ ሰው የሥራ አቅሙን ግማሽ ያጣል። የእህል አቧራም ሳንባን ይጎዳል። የጭነቱን ሰዓት ወደ ጠዋት ማዞር፣ የአየር ማስገቢያ መክፈት፣ ንጹሕ ውኃና የአፍንጫ መሸፈኛ ማቅረብ መድኃኒቱ ነው።

አራተኛው የሴቶች ጉዳይ ነው። እህል የሚያበጥሩና የሚለቅሙ እናቶችና እህቶች ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ተቀምጠው ይሠራሉ። የተለየ መጸዳጃ ቤት በሌለበት ቦታ ውኃ ሳይጠጡ የሚውሉ አሉ። የእህሉ ጥራት የሚወሰነው በእነርሱ ዓይንና እጅ ነው፤ የደከመ ዓይን ደግሞ ጠጠሩን ያልፋል፤ ገዢውም ዋጋ ይቀንሳል።

ሕጉና መርሐችን

ይህ የቸርነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ጤናማና አደጋ የማያስከትል የሥራ አካባቢ የሠራተኛ መብት መሆኑን ደንግጓል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ፣ በሳምንት ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት እንዲኖር፣ ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ፈቃድ ከክፍያ ጋር እንዲሰጥ ያዝዛል። አሠሪው የአደጋ መከላከያ ልብስና መሣሪያ እንዲያቀርብም ግዴታ ይጥላል።

ከሕጉም በላይ የራሳችን መርሕ አለ። የኅብረት ሥራ እንቅስቃሴ አባቶች የምንላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ ማኅበር ያቋቋሙት 28 ሰዎች፣ ሸማኔዎችና የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1995 ከጸደቁት ሰባት ዓለም አቀፍ መርሆዎች አምስተኛው፣ ትምህርትና ሥልጠና ለአባላትና ለተመራጮች ብቻ ሳይሆን ለሥራ አስኪያጆችና ለሠራተኞችም እንዲሰጥ በስም ጠቅሶ ያዝዛል። ሠራተኛውን የዘነጋ ማኅበር የመጣበትን ዘነጋ ማለት ነው።

ማጠቃለያ

አንዳንድ አባላት “ለሠራተኛ ይህን ያህል ካወጣን ለእኛ ምን ይተርፈናል?” ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ገንዘቡ የላባችሁ ውጤት ነውና። እኔም የምለው እመኑኝ ሳይሆን ቁጠሩት ነው። በሚቀጥለው የበጀት ዓመት ዕቅዳችን ውስጥ ተተኪ የግምጃ ቤት ሠራተኛ፣ የእጅ ጋሪ፣ ለመድኃኒት ርጭት የሠለጠነ ባለሙያ፣ የጥበቃ ቤት፣ ንጹሕ ውኃና የሴቶች መጸዳጃ ቤት ይካተቱ። ከዚያም የቁጥጥር ኮሚቴው የተቀደደ ጆንያ፣ የፈሰሰ እህል፣ የቆጠራ ልዩነት፣ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳትና የለቀቀ ሠራተኛ ብዛት ምን ያህል እንደሆነ መዝግቦ ለጠቅላላ ጉባኤው ያቅርብ። የዞንና የወረዳ ኃላፊዎችም በክትትላችሁ ወቅት ከመዝገቡ ሌላ መጋዘኑን ገብታችሁ እዩልን።

በመጨረሻም፣ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ስንሰበሰብ መጋዘኑን ሲጠብቁ የቀሩ፣ መኪና ሲያወርዱ የዋሉ ወገኖቻችን ከእኛ ጋር አይደሉም። የዛሬውን በዓል ያደመቀው እህል በእነርሱ ትከሻ ላይ ያለፈ ነው። በሚቀጥለው በዓላችን ግን ተረኛ ተተክቶላቸው፣ ከፊት ወንበር ተቀምጠው የምናይበት ዘመን እንዲሆን እመኛለሁ።