ለአሮጌ መኪና ምን ዓይነት ሬዲዮ ይመረጥ?

(በማኅበራችን የ10ኛ ዓመት በዓል ላይ በዙሪክ የቀረበ ንግግር)




ከጄኔቭ ድረስ መጥቼ ስለ መኪና ሬዲዮ ለመናገር መነሣቴ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። ስለ ታክሲ ሥራ እንዳልናገር፣ በዚህ አዳራሽ ካለነው ብዙዎቻችን መሪ ጨብጠን የምንውል ነን። ስለ ፊዚክስ እንዳልናገር ደግሞ፣ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ የጀመርሁትን ትምህርት በ1993 ዓ.ም. ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋርጬ ነው ከአገር የወጣሁት። ስለዚህ ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት የሚነካ ርእስ መረጥሁ።

ነገሩን ያመጡት እዚሁ ዙሪክ የሚኖሩ አንድ አባታችን ናቸው። ስማቸውን እንዳልጠራ ስላዘዙኝ «ጋሼ» ብቻ እላቸዋለሁ። ጋሼ የ1966 ሞዴል ቮልስዋገን አላቸው። አዲስ አበባ ሳሉ ይነዱት የነበረው ዓይነት ስለሆነ፣ እዚህ ሲያገኙት ዋጋ ሳይከራከሩ ገዙት (ይህን የሚሉት እርሳቸው ናቸው፤ እኔ ጋሼ ሳይከራከሩ አንድ ነገር ይገዛሉ ብዬ አላምንም)። በክሩስኮቱ ላይ የዱሮ ብላውፑንክት ሬዲዮ አለ። ጠዋት ጠዋት ዜና የሚሰሙት በእርሱ ነበር። በ2025 መባቻ ደወሉልኝና «ሬዲዮዬ ሞተብኝ» አሉኝ። ወደ አንድ ጋራዥ ወስደውት ኖሮ፣ ሠራተኛው «ክሩስኮቱን ቆርጠን አዲስ እንገጥምልዎታለን» ብሏቸዋል። ጋሼም «ይቆረጥ ወይስ አይቆረጥ?» ብለው ጠየቁኝ።

በእውነቱ ሬዲዮው ደኅና ነበር፤ የተዘጋው ሥርጭቱ ነው። የስዊስ የሕዝብ ሬዲዮ፣ ማለት በጀርመንኛው በኩል ኤስ.አር.ኤፍ.፣ በእኛ በፈረንሳይኛው በኩል አር.ቴ.ኤስ.፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2024 የኤፍ ኤም ሥርጭቱን በሙሉ አቁሞ ወደ ዳብ ፕላስና ወደ ኢንተርኔት ዞሯል። ኖርዌይ ብሔራዊ ጣቢያዎቿን በ2017 እንዲሁ አድርጋለች። ለአሮጌ ሬዲዮ ይህ የመጀመሪያው ሐዘን አይደለም። በዱሮ የቤት ሬዲዮ መስታወት ላይ ቤሮሙንስተርና ሶተንስ የሚሉ ስሞች ተጽፈው አይታችሁ ይሆናል፤ ሁለቱም የመካከለኛ ሞገድ ማሠራጫዎች ነበሩ። ቤሮሙንስተር በ2008 መጨረሻ፣ ሶተንስ በዲሴምበር 2010 ተዘጉ። ለግል የኤፍ ኤም ጣቢያዎች ደግሞ እስከ 2026 መጨረሻ ጊዜ ተሰጥቶ ነበር፤ በ2025 ግን ኤፍ ኤም ይቀጥል የሚል ክርክር ፓርላማ ገብቷል። ለዚህ ነው አዲስ ሬዲዮ የምትገዙ ሁሉ ሁለቱንም የሚቀበል ግዙ የምለው።

ዳብ ፕላስ ምንድን ነው ላላችሁኝ፣ ድምፁ በቁጥር ተለውጦ የሚላክበት ዘዴ ነው። ኤፍ ኤም ከማሠራጫው ስትርቁ እየተንሿሿ ቀስ እያለ ይሞታል። ዳብ ግን ወይ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ወይ ጭራሽ ይጠፋል፤ መካከለኛ የለውም። በጎኑ ያለው ነገር፣ ብዙ ማሠራጫዎች በአንድ ሞገድ ላይ አብረው መላክ ስለሚችሉ መርፌ እየፈለጉ መንዳት ቀርቷል። ከጄኔቭ እስከ ዙሪክ ወደ 280 ኪሎ ሜትር ነው፤ በኤፍ ኤም ዘመን በዚህ መንገድ ላይ ስንት ጊዜ ቁልፉን እንደምናዞር የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሌላም አለ። በአውራ ጎዳናው ዋሻዎች ውስጥ ዳብ ፕላስ ተዘርግቷል፤ አደጋ ሲደርስ ማስጠንቀቂያው በዚያው ይነገራል። ስለዚህ በአሮጌ መኪና ጎታርድን የሚያህል 16.9 ኪሎ ሜትር ዋሻ የሚሻገር ሰው ሬዲዮው ለሙዚቃ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ምርጫው ልግባ። ሰዎች መጀመሪያ የሚያዩት የሬዲዮውን መልክና ዋጋ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ መኪናውን እጠይቃለሁ። ባትሪው ስንት ቮልት ነው? ማሳ የታሰረው በየትኛው በኩል ነው? የዛሬ ሬዲዮ ሁሉ 12 ቮልትና ኔጋቲቭ ማሳ ይፈልጋል። ከቮልስዋገን ከ1967 ክረምት በፊት የተሠራው በአብዛኛው 6 ቮልት ነው። ከዱሮ የእንግሊዝ መኪናዎች ደግሞ ብዙዎቹ ፖዘቲቩን ከማሳ ያሠሩ ናቸው፤ እዚያ ላይ አዲስ ሬዲዮ ሳታዩ ብትገጥሙ ቫልቮላው ከቀደመ ዕድለኞች ናችሁ፣ ካልቀደመ ሬዲዮው ይቃጠላል።

የጋሼ መኪና 6 ቮልት ናት። ጋራዡ ከ6 ወደ 12 የሚያሳድግ መለወጫ ይገባል ብሎ ነበር። እስኪ አብረን እናስላው። የዚያ ቮልስዋገን ዲናሞ 180 ዋት ነው፤ በ6 ቮልት 30 አምፔር ማለት ነው። የፊት ሁለቱ መብራቶች 45 ዋት 45 ዋት ናቸው፤ ሌሊት ግማሹን፣ 15 አምፔሩን፣ እነርሱ ብቻቸውን ወሰዱት። አዲሱ ሬዲዮ ድምፁ ከፍ ሲል በ12 ቮልት እስከ 10 አምፔር ሊስብ ይችላል፤ መለወጫው ያንን ከ6 ቮልት ለማምጣት ከ20 አምፔር በላይ ይወስዳል። 15 እና 20፣ 35 ነው። የኋላ መብራቱና የዝናብ መጥረጊያው ገና አልተቆጠሩም። በአንድ የኅዳር ማታ ዝናብ ባትሪው ምን እንደሚሆን ለእናንተ እተወዋለሁ። መኪናውን በሙሉ ወደ 12 ቮልት መለወጥም ይቻላል፤ ግን አምፖሉ፣ ዲናሞው፣ ኮይሉ ሁሉ ለሬዲዮ ተብሎ ሊለወጥ ነው።

ቀዳዳው ሌላው ጉዳይ ነው። የዛሬው መለኪያ ወደ 18 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው አራት ማዕዘን ነው። የዱሮው ክሩስኮት ግን በመካከል አንድ ጠባብ መስኮት፣ በግራና በቀኝ ሁለት ክብ ቀዳዳዎች ነው ያለው፤ ቁልፎቹ የሚወጡት በእነርሱ ነው። አንዱን ለሌላው ለማብቃት ላሜራውን በመጋዝ መቁረጥ ያስፈልጋል። የተቆረጠ ላሜራ ተመልሶ ቢበየድም ቀለሙ አይመለስም። በዚህ አገር ደግሞ ዕዳው ከመልክ ያልፋል። 30 ዓመት የሞላው፣ በአሠራሩ እንደ ጥንቱ ያለና በጥሩ ሁኔታ የተያዘ መኪና በካርት ግሪዙ ላይ «ቬተራን» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል፤ ምርመራውም በየሁለት ዓመቱ መሆኑ ቀርቶ በየስድስት ዓመቱ ይሆናል። መርማሪ ፊት የተቆረጠ ክሩስኮት ይዞ ስለ ጥንቱ ማስረዳት ለማንም አልመኝም።

ስለዚህ ለጋሼ «አይቆረጥ» አልኋቸው። ያደረግነውም ይህ ነው። ብላውፑንክቱ ባለበት ቀረ። ከክሩስኮቱ ሥር፣ ከማይታይበት፣ የሲጋራ ፓኮ የምታህል የዳብ ፕላስ መቀበያ ገባች። እርስዋ የያዘችውን ጣቢያ በኤፍ ኤም መልክ ለአሮጌው ሬዲዮ ትሰጠዋለች፤ በአየር ሳይሆን በአንቴናው ሽቦ መካከል በሚገባ ማገናኛ ቢሆን ይሻላል፣ ጎረቤት ጣቢያ አይገባበትም። የምትስበው በጣም ጥቂት ስለሆነ አንዲት ትንሽ መለወጫ ትበቃታለች፤ ዲናሞውም አያውቃትም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። የዚያ ዘመን ሬዲዮ መርፌ ከ104፣ የአንዳንዱም ከ100 ሜጋኸርዝ አያልፍም። መቀበያዋ 107 ላይ ተስተካክላ ብትመጣ አሮጌው ሬዲዮ ስለማይደርስባት «አትሠራም» ተብላ ወደ ሱቅ ትመለሳለች። ከ100 በታች ባዶ ቦታ መፈለግ ነው፤ የሕዝብ ጣቢያዎቹ ለቀው ከሄዱ ወዲህ ባዶ ቦታ ሞልቷል።

መቀበያዋ ብሉቱዝ ስላላት ከስልክም ትቀበላለች። ይህን የፈለጉት የጋሼ ልጆች ነበሩ፤ አሁን የሚጠቀሙበት ግን ጋሼ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1965 የጀመረውን የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ሥርጭት በወጣትነታቸው በአጭር ሞገድ እየተንጫጫ ይሰሙት ነበር፤ አሁን በዚያው ዓይነት ሬዲዮ፣ በዚያው ዓይነት መኪና ውስጥ ጥርት ብሎ ይሰማቸዋል። «መንጫጫቱ ቀረብኝ» ይላሉ፤ ቅሬታ ይሁን ምስጋና አልለየሁትም።

አንቴናው ከመስታወት የሚለጠፍ ነው። ሻጮች ብዙ ጊዜ የማይነግሩት፣ ከአንቴናው ጋር ያለችው የብረት ወረቀት የመኪናውን ብረት በደንብ መንካት አለባት። ቀለም ላይ ከተለጠፈች ዙሪክ መካከል ሆናችሁም ጣቢያ ሊጠፋባችሁ ይችላል። በዚህ ረገድ አሮጌ መኪና ይሻላል፤ መስታወቱ የብረት ቅብ ስለሌለው ሞገድ አይከለክልም። የካንዴላው ሽቦ ሬዲዮ ውስጥ እየገባ የሚያንጣጣ ከሆነ ደግሞ ሬዚስተር ያለውን ሽቦ ግዙ፤ ጩኸቱ ከዲናሞው ከሆነ ኮንደንሰር ይታሰርበት።

መኪናችሁ 12 ቮልት ከሆነና የዱሮው ሬዲዮ ከሌለ ነገሩ ይቀላል። ሁለት ቁልፍ ያላቸው፣ መልካቸው ጥንታዊ፣ ውስጣቸው ዳብ ፕላስ የሆኑ ሬዲዮዎች ይሠራሉ። የ1980ዎቹ መኪና ከሆነ አራት ማዕዘኑ ቀዳዳ አስቀድሞ አለው፤ ብላውፑንክት ራሱ የዚያን ዘመን ብሬመን የተባለውን መልኩን ጠብቆ በዳብ እንደገና ሠርቶታል። የእኔ ምርጫ ምንጊዜም የሚዞር ቁልፍ ያለው ነው። ዓይን ከመንገድ ሳይነሣ እጅ የሚያገኘው እርሱን ነው፤ ያ የሚያብለጨልጭ መስታወት ግን ለሾፌር የተሠራ አይመስለኝም።

ሽቦ ስትቀጥሉ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ዱሮ የስፒከር አንዱ ሽቦ ከማሳ ጋር ይታሰር ነበር፤ በአዲሱ ሬዲዮ ላይ እንዲህ ካደረጋችሁ ማጉያው ይቃጠላል። ከስፒከሩ ሁለቱም ሽቦ ቀጥታ ወደ ሬዲዮው ይምጣ። ሁለተኛው የ1990ዎቹ ጎልፍ ላላችሁ ነው፤ እነርሱም ሠላሳ ዓመት ሞልቷቸው «ቬተራን» መባል ጀምረዋል። በብዙ ቮልስዋገኖች ላይ ቀዩና ቢጫው ሽቦ ቦታ ይለዋወጣሉ። ሞተር ባጠፋችሁ ቁጥር ሬዲዮው ጣቢያዎቹን የሚረሳ ከሆነ ሬዲዮው አልተበላሸም፤ ሁለቱን አለዋውጡ።

የወጣውን አሮጌ ሬዲዮ እባካችሁ አትጣሉ። ከነብሎኑ፣ ከነቁልፉ በካርቶን አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ መኪናው ሲሸጥ ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቀው እርሱን ነው።

ከቡና በኋላ ጥያቄ ያላችሁ ወደ እኔ ኑ። የክሩስኮታችሁን ፎቶግራፍ፣ የካርት ግሪዙን ቅጂና በባትሪው ላይ የተጻፈውን ቮልት ይዛችሁ ብትመጡ ሥራው ግማሽ ያልቃል። የጋሼን መኪና ማየት የምትፈልጉም በአዳራሹ በስተጀርባ ቆማለች፤ ቁልፉ ግን እርሳቸው ዘንድ ነው፣ አስፈቅዱ።