ዐፀዱን ስለሚጠብቁ እጆች

በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ



በደቡብ ጎንደር ደጋ ከኮረብታ ራስ ላይ ቆሞ ወደ ታች የሚመለከት ሰው ዓይኑ እስከ ደረሰ ድረስ የታረሰ መሬት ያያል። በእርሻውም መካከል እዚህና እዚያ ክብ ሆኖ የጠቈረ ደን ይታየዋል፤ ያም የቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ነው። በዙሪያው የነበረው ጫካ ለእርሻ፥ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ሲያልቅ ጥዱ፥ ወይራው፥ ዝግባውና ኮሶው በዐፀዱ ውስጥ ቀርተዋል። ይህን ያቆየው የዘበኛ ጠመንጃ አይደለም፤ ከታቦቱ ማደሪያ አጠገብ የቆመውን ዛፍ መቍረጥ ነውር ነው ብሎ ልጁን ያስተማረ ተራ ሰው ነው እንጂ።

ይሁን እንጂ ያልተቈረጠ ደን ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የሚባሉ የደን ሊቅ፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2007 ዓመት በሆላንድ አገር በዋኼኒንገን ዩኒቨርሲቲ ለዶክተርነት ባቀረቡት ጥናት፥ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምረው 168 ዓይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ ቈጥረዋል። ቍጥሩ ደስ ያሰኛል። የሚያሳስበው ግን ከዛፉ ሥር የታየው ነገር ነው። አሮጌዎቹ ዛፎች ቆመው ሳሉ ከበታቻቸው የሚበቅለውን ቡቃያ ከብት ይበላዋል፥ የተረፈውንም ይረግጠዋል። የብዙዎቹ ዛፎች ዘር ደግሞ በአፈር ውስጥ ተቀብሮ ዘመን አይቆይም። ስለዚህ አሮጌው ዛፍ ልጅ ሳይተካ ቢወድቅ ከአፈሩ ዘር የሚጠብቅ ሰው የሚያገኘው ጥቂት ነው። ደኑ ከሩቅ ለምለም መስሎ በውስጡ መካን ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

መድኃኒቱ እጅግ ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ የድንጋይ ካብ ነው። ገበሬው ማረሻውን የሚያሰናክለውን ድንጋይ ከማሳው ለቅሞ በዐፀዱ ዙሪያ ሲክበው እርሻው ይጠራል፥ ደኑም ይታጠራል። አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ከዶክተር ዓለማየሁ ጋራ ሆነው ለዚህ ሥራ የገንዘብ ርዳታ አስገኝተዋል። ድንጋዩን ያነሣው ግን የሰበካው ሕዝብ ነው። ደቦ ጠርቶ አዝመራውን የሚያጭድ ሕዝብ ካብ ለመካብ አዲስ ትምህርት አያስፈልገውም። ምናልባት የሚያስፈልገው ቀኑን የሚቈርጥለት ሰው ብቻ ነው፤ ስብሰባ በረዘመ ቍጥር ድንጋዩ ባለበት ይቀራልና።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መዝለል አይገባም። አንዲት ላም ብቻ ያላት መበለት ከብቷን በዐፀዱ ጥግ ታሰማራ እንደ ነበረ፥ ካቡ በተካበ ማግሥት ወዴት ትሂድ? ይህ ሳይታሰብ የተሠራ አጥር በሌሊት ይፈርሳል፤ ቢፈርስም የሚፈረድባት እርሷ ብቻ አይደለችም። መልሱ በትግራይ፥ በውቅሮ አጠገብ፥ ከዐለት በተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ስም በምትጠራው በአብርሃ ወአጽብሃ መንደር ታይቶአል። በዚያ አፈሩ ታጥቦ ውኃው ስለ ራቀ ሕዝቡ ወደ ሌላ ስፍራ ይስፈር የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። ሕዝቡ ግን መቅረትን መረጠ። እርከን ሠራ፥ ሸለቆውን በክትር ገደበ፥ ተራራውን ከከብት ከለለ። ሣሩን ከብቱ ገብቶ በመጋጥ ፈንታ ሰው አጭዶ ወደ ቤቱ ይወስደው ጀመር። የጕድጓዱ ውኃ ተመለሰ። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2012 ዓመት መንደሪቱ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት ተቀበለች። ማጭድና ሸክም ካለ መበለቲቱም ላሟም ሳይራቡ ደኑ ሊያርፍ ይችላል።

ሁለተኛው ፈተና ባሕር ዛፍ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባው ይህ ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፥ ገንዘብም ያመጣል። ደብሩ ለሻማና ለጣራ ክዳን ገንዘብ ስለሚያስፈልገው በዐፀዱ ውስጥ መትከሉ ሊያስደንቅ አይገባም። ቢሆንም ከአሮጌው ደን ውጭ፥ ለብቻው ቢተከል ይሻላል፤ ወይራና ዝግባ በነበሩበት ስፍራ ባሕር ዛፍ ከገባ የአገሩ ዛፍ ቦታ ያጣል።

ችግኝ መትከልስ በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ ዐሻራ ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ የተለመደ ሆኖአል። በሐምሌ የሚተክል ብዙ ነው፤ በመጋቢት ውኃ ተሸክሞ የሚመለስ ጥቂት ነው። ዕድር ግን መመለስን ያውቃል። ለቅሶ ሲደርስ ድንኳኑን የሚተክለው፥ በየወሩ ስም ጠርቶ መዋጮ የሚሰበስበው እርሱ ነው። በአዲስ አበባ የኤድስ በሽታ በበረታበት ዘመን ብዙ ዕድሮች ከቀብር አልፈው ሕሙማንንና ወላጅ አልባ ልጆችን መርዳት ጀምረው ነበር። ሙታንን ለመቅበር የተቋቋመ ማኅበር ለሕያዋን ሊሠራ ከቻለ ችግኝ ማጠጣት አያቅተውም።

ካቡ ካለቀ በኋላ የሚቀረው በሩ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሲወጣ በር ክፍት ከቀረ ለአንድ መንጋ ፍየል አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። እንግዲህ የበሩ ተረኛ በዕድሩ መዝገብ ይጻፍ፥ በየወሩም ስሙ ይጠራ፤ ተራውን የረሳ ከለቅሶ እንደ ቀረ ሰው ተቈጥሮ መቀጮውን ይክፈል።