«ውሻው ወረቀት አለው» ሲሏችሁ



ከመካከላችን አንዷን የምትሠራበት ቤት ውሻ እጇን ነከሳት። ሐኪም ቤት ልሂድ ስትል ማዳም ማኅተም ያለበት ወረቀት አውጥታ፣ «ይህ የዘር ውሻ ነው፤ ወረቀት አለው፤ ምንም አያደርግሽም» አለቻት። እህታችንም አምና ዝም አለች። እኛ የሰማነው በአራተኛው ቀን ነው። ስናጣራ የውሻው ክትባት ጊዜው አልፎበታል። ይዘናት ሮጥን፤ መርፌውን ጀመረች፤ ዛሬ ደህና ናት።

ያ ወረቀት ምን ነበር? የዘር ሐረግ ነው። በአገራችን ለጋብቻ ሰባት ቤት እንደሚቆጠረው፣ እሱም የውሻውን እናትና አባት፣ አያትና ቅድመ አያት ይቆጥራል። እንግሊዞች በ1873 እ.ኤ.አ.፣ አሜሪካኖች በ1884 ማኅበር አቋቁመው እንዲህ ሲመዘግቡ ኖረዋል። መዝጋቢው ግን ብዙ ጊዜ ውሻውን በዓይኑ አያየውም፤ አርቢው የሞላውን ቅጽ አምኖ ይጽፋል። ስለዚህ ወረቀቱ ውሻው ጤነኛ ነው አይልም፤ አይናከስም አይልም፤ ተከትቧልም አይልም። ለባለቤቱ የሚጠቅመው ውሻውን ሲሸጥ ወይም ሲያራባ ነው።

እናንተ የምትጠይቁት ሌላ ነው፦ የክትባት ደብተሩን። በውስጡ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የእንስሳት ሐኪሙም ማኅተም አለ። ውሻው ከቆዳው ሥር ማይክሮቺፕ ካለው፣ 15 አኃዝ ያለው ቁጥሩ ደብተሩ ላይ ይጻፋል። ስትጠይቁ በትሕትና፣ «ማዳም፣ ለልጆቹም እንዲሆን፣ ክትባቱ መቼ ነው የሚያልቀው?» በሉ።

ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡ። ቡና ወይም በርበሬ አትነስንሱበት። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ፤ መርፌ ያስፈልግ እንደሆነ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ዘግይታችሁም ቢሆን ሂዱ። በሽታው አንዴ ምልክት ካሳየ ግን የሚድን የለም ማለት ይቻላል።

ዛሬ ስትመለሱ ደብተሩ የት እንደሚቀመጥ ጠይቁ። ጽሑፉን ማንበብ ካልቻላችሁ አስፈቅዳችሁ በስልክ ፎቶ አንሡና አምጡልኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት አብረን እናነበዋለን።