በሶብላ በደጋ ጓሮ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር በየስብሰባው ብዙ ይነገራል። የዛሬው ርዕስ ግን ጓሮ ነው፤ ከጓሮም በሶብላ። በሶብላ ያልገባበት በርበሬና ሽሮ ባለሙያ አያስመሰግንም። ቅቤ ሲነጠርም ከኮረሪማውና ከኮሰረቱ ጋር ይጨመራል። ቅመሙን ከገበያ የሚገዛ ቤተሰብ እህል ሸጦ ያገኘውን ገንዘብ ከፊሉን መልሶ እዚያው ገበያ ይተወዋል።

«የመካነ ሰላም ብርድ ለበሶብላ አይሆንም» የሚል አይጠፋም። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። በሶብላ ሙቀት ወዳድ ነው። ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው ቆላና ወይና ደጋ ይስማማዋል። በደጋው ግን ሁለት ጠላቶች አሉት፤ ውርጭና ውኃ የሚቋጥር መሬት። ብርቱ ውርጭ በአንድ ሌሊት ቅጠሉን አጥቁሮት ያድራል።

ስለሆነም ዋናው ቁም ነገር ወቅት ነው። በነሐሴ የተዘራ በሶብላ አበባው ሳይጠና ኅዳር ይደርስበታል። በመጋቢት በችግኝ መደብ የተዘራ ግን ውርጭ ሳይጥል ይሰበሰባል።

መደቡ ፀሐይ በሚያገኘውና ከነፋስ በተከለለ የቤት ግድግዳ ሥር ይዘጋጃል። ግድግዳው ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ለችግኙ ይሰጣል። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በላይ አፈር አይለብስም። አፈሩ ሞቅ ካለ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ይበቅላል። ችግኙ ሌሊት በሣር ዳስ ይሸፈናል፤ ጠዋት ይገለጣል።

ከ4 እስከ 6 ቅጠል ሲያወጣ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይዛወራል። መሬቱ መረሬ ከሆነ መደቡ ከፍ ተደርጎ ዙሪያው ይቦይ፤ አለበለዚያ ሥሩ በክረምት ይበሰብሳል። ፍጉ በደንብ የተብላላ ይሁን። ውኃ ጠዋት ከሥሩ ይጠጣ። ተክሉ አንድ ስንዝር ሲሆን ጫፉ አንድ ጊዜ ቢቀነጠስ ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣል።

ለበርበሬ የሚፈለገው ቅጠሉ ብቻ ሳይሆን አበባውም ጭምር ነው። በመሆኑም ሲያብብ፣ ዝናብ በሌለበት ቀን፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላ ይታጨዳል። ፀሐይ ላይ ማስጣት ሽታውን ያጠፋዋል፤ በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ተንጠልጥሎ ይድረቅ። ሳይፈጭ ቢቀመጥ ሽታው ይቆያል። ሁለት ሦስት ምርጥ ተክል ራሱ ቡናማ እስኪሆን ለዘር ይተው።

ከቤት ፍጆታ የተረፈው በእስር ይሸጣል። ይህ ገንዘብ በእናት እጅ የሚገባ ነው፤ ለልጅ ደብተር የግድ ዶሮ አይሸጥም። አበባው ላይም ንብ ይውላል፤ ቀፎ ያለው ገበሬ ሁለት ጊዜ ይጠቀማል።

ዘሩ ያለው ለጎረቤቱ አንድ ጭብጥ ቢሰጥ፣ በመጪው መጋቢት በየአባሉ ጓሮ አንድ መደብ ይኖራል። መልካም በዓል!